ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ የትኛው ይሻላል? ስልክ፣ የገንዘብ አገልግሎትና ኮምፒውተር ጎጃም ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው ነው። ገዢው ዐይነ ስውር ከሆነ ወይም ለዐይነ ስውር ዘመዱ የሚገዛ ከሆነ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ይህ ዕቃ የሌላ ሰው ዐይን ሳልዋስ ይሠራልኛል ወይ? ሁለተኛው፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንስ ይሠራልኛል ወይ? ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን ሁሉ የምመዝናቸው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ጎጃም የኖረ ሰው አይረሳውም። ድምፁን ከኢንተርኔት የሚያመጣ መተግበሪያ ይዞ የነበረ ዐይነ ስውር በዚያ ጊዜ ስልኩ በኪሱ እያለ መልእክት እንኳ የሚያነብለት አጣ። ድምፁን ስልኩ ላይ ጭኖ የነበረው ግን የሚመጣለትን አጭር መልእክት ሁሉ ሲሰማ ከረመ።

ደግሞም ተጠቃሚው ተማሪ ብቻ ነው ብለን አንጀምር። ክልላችን ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ለዓመታት እየተመላለሰ የዐይንን ቆብ ወደ ውስጥ ያዞራል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ዐይናቸውን ያጡት ብዙዎቹ በጎልማሳነታቸው ወይም በእርጅናቸው ነው፤ ብሬይል አልተማሩም፣ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ነገር ግን ይነግዳሉ፣ ያርሳሉ፣ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመከረው ሁሉ ለእነርሱ አይሆንም።

ባለ ቁልፍ ስልክ፣ አንድሮይድ ወይስ አይፎን

ባለ ቁልፉን ስልክ የሚንቁት አሉ፤ እኔ አልንቀውም። አምስት ቁጥር ላይ ጎላ ያለች ምልክት አለች፤ ጣት ከእርሷ ተነሥቶ ሌሎቹን ሁሉ ያገኛቸዋል። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ለመደወልና ለመቀበል ብቻ ስልክ የሚፈልጉ አረጋዊ ካሉ የለመዱትን ቀፎ ቀምቶ ስማርት ስልክ መስጠት መልካም ስጦታ አይደለም። የባለ ቁልፉ ችግር ዝምታው ነው። የደወለው ማን እንደሆነ፣ የመጣው መልእክት ምን እንደሚል፣ ቀሪ ሂሳቡ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚያልፈው ለጥሪ ብቻ ነው።

አንድሮይድ ስልኮች ቶክባክ የሚባል ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ አላቸው። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ላይ ሳይጫን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከፕሌይ ስቶር በነፃ ይወርዳል። ቶክባክ ሲበራ የስልኩ ጠባይ ይለወጣል። ጣት ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ያረፈበትን ነገር ይናገራል እንጂ አይከፍተውም። ለመክፈት ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጎ መንካት ያስፈልጋል። ጣትን ወደ ቀኝ ጠረግ ሲያደርጉት ወደሚቀጥለው፣ ወደ ግራ ሲያደርጉት ወደ ቀደመው ይሄዳል። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ ሁለት ጣት ይጠይቃል። ይህን የማያውቅ የሚያይ ሰው ቶክባክ የበራበትን ስልክ ሲይዝ «ስልኩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ብዙ ቤት ውስጥም ልጆች «እናስተካክልልዎ» ብለው ያጠፉታል። ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና አለ፤ ሳይፈትኑ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የጆሮ ማዳመጫ ይዘው ይሂዱ፣ ሱቁ ይጮሃል። ከስልኩ ቅንብር ውስጥ ተደራሽነት የሚለውን ያስከፍቱና ቶክባክን ያስበሩ። ከዚያ ጣትዎን ወደ ቀኝ ደጋግመው በፍጥነት ይጥረጉ። ድምፁ ከጣትዎ ጋር እኩል ከሄደ ስልኩ ይሆናል። ጣትዎ አምስተኛው ላይ ደርሶ ድምፁ ገና ሁለተኛውን የሚጠራ ከሆነ ይመልሱት፤ በዚያ ስልክ መልእክት መጻፍ ትዕግሥት አስጨራሽ ነው። የዝግመቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ማለትም የራም፣ ማነስ ነው። በእኔ ግምት ከ4 ጊጋባይት በታች መውረድ አይበጅም፤ ለካሜራ የሚጨመረው ገንዘብ ለራም ቢውል ይሻላል። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹንም ተጭነው ይዩ። ቶክባክን ለማብራትና ለማጥፋት የሚያገለግለው አቋራጭ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ የላላ ቁልፍ ያለው ያገለገለ ስልክ ለዚህ አይሆንም።

አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቮይስኦቨር የተባለውን አንባቢ ይዞ ይመጣል። አሠራሩ የተስተካከለ ነው፣ መተግበሪያዎቹም በአብዛኛው በደንብ ይነበባሉ። ሥራው በእንግሊዝኛ የሆነና ዋጋው የማይከብደው ሰው ቢመርጠው አይቆጨውም። አማርኛ ማስነበብ ዋና ዓላማው ለሆነ ሰው ግን የፈለገውን ድምፅ መርጦ የመጫን ነፃነቱ አንድሮይድ ላይ ይሰፋል፤ ሲበላሽም ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ላይ የሚጠግነው ማግኘት ለአንድሮይድ ይቀላል። ምርጫዬ አንድሮይድ ነው።

የአማርኛው ድምፅ

ስልኩ ተገዝቶ ቶክባክ ቢበራም የአማርኛ ድምፅ ካልተጫነ ፊደላችን ላይ ሲደርስ ወይ ይዘላል ወይ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አማራጮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ስልኩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ከኢንተርኔት የሚመጣ።

የመጀመሪያው ኢስፒክ ኤንጂ ነው። ነፃ ነው፣ ብዙ ቦታ አይወስድም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አማርኛን ያነባል። ድምፁ ግን የማሽን ድምፅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ይሸሸዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ድምፁም አይለየውም፤ ሰሚው ከዐረፍተ ነገሩ መረዳት አለበት። ጆሮ ከለመደው በኋላ ግን ፍጥነቱን እየጨመሩ ማዳመጥ ይቻላል፤ የለመዱት ሰዎች የሚሰሙበት ፍጥነት ለሌላው ሰው ጫጫታ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው በማይክሮሶፍት ኤጅ ማሰሻ ውስጥ ያሉት መቅደስና አምሃ የተባሉት ድምፆች ናቸው። አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። ሰው የሚያነብ ይመስላል፤ ረጅም ጽሑፍ ሲነበብ ጆሮ አይሰለችም። ኢንተርኔት ከጠፋ ግን የሉም።

ስለዚህ ለዕለት ሥራ ኢስፒክ፣ ለረጅም ንባብ እነመቅደስ። ሰውዬው ድምፁ ስላላማረው ብቻ ኢስፒክን ካጠፋው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠም እንደዚሁ። ጎጃም የዋሸራና የዲማ አገር ናት፤ እዚህ የፊደል ስሕተት የሚያስወቅስ ነገር ነው። ከቅኔ ቤት የወጣ ዐይነ ስውር ሊቅ ትክክለኛውን ፊደል በልቡ ያውቀዋል፤ ቅኔም ቢሆን የሚቆጠረው በቃል ነው፣ በጆሮ መማር ለአብነት ትምህርት ቤት እንግዳ አይደለም። በስልክ ሲጽፍ ግን ድምፁ ብቻ የትኛው ፊደል እንደገባ አይነግረውም። ጽሑፉ ለመጽሔት ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ከሆነ የፊደሉን እርማት ለሚያይ ሰው መስጠት ይሻላል።

በድምፅ መጻፍም አለ። ጂቦርድ የተባለው የጉግል የመጻፊያ ሰሌዳ አማርኛ ሲናገሩት ይጽፋል። ጣት እየፈለጉ ፊደል በፊደል ከመጻፍ በብዙ ይፈጥናል፤ ለአጭር መልእክት ደኅና ነው። የግል ጉዳይ ግን ሰው መሀል ጮክ ብሎ አይነገርምና ፊደል መንካትንም መልመድ ያስፈልጋል።

ገንዘብ፦ በኮድ፣ በመተግበሪያ ወይስ በሰው

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዶ መምረጥ የሚገባው ይህን ነው።

ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ዐይነ ስውር ነጋዴ እንውሰድ። ገዢው «ጋሼ፣ በቴሌብር ልኬያለሁ» ይለዋል። ስልኩ ይጮሃል፣ መልእክት ገብቷል። ስንት ብር? ነጋዴው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ማረጋገጫውን የሚያነብለት አብዛኛውን ጊዜ ያው ገዢው ነው። «ይኸው ጋሼ፣ አምስት መቶ ገብቷል።» የከፈለው ሰው ለራሱ ክፍያ ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ገዢው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውም ታማኝ ነው። ነገር ግን ንግድ በገዢው ጨዋነት ላይ ብቻ መቆም የለበትም።

ቶክባክና ኢስፒክ ያለው ስልክ ይህን በአንድ ጊዜ ይፈታዋል። ነጋዴው ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ አድርጎ መጀመሪያ ላኪውን ይሰማል፤ የቴሌብር ማረጋገጫ የሚመጣው ከ127 ነው። መልእክቱ ከተራ የስልክ ቁጥር ከመጣ የሚያየውም ሰው ሊጠረጥረው የሚገባ ነው። ቀጥሎ መጠኑን፣ ቀጥሎ ቀሪ ሂሳቡን ይሰማል። ከዚያ በርበሬውን ያስረክባል።

ለመላክና ለመክፈል ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። በኮድ መጠቀም ማለት ለቴሌብር *127#፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት *889# ደውሎ ከሚመጣው ዝርዝር በቁጥር መምረጥ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የስልክ ኔትወርክ ብቻ ይበቃዋል። ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው «አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር» እያሉ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው አጥንተው የሚጠቀሙ ዐይነ ስውራን አሉ። ችሎታቸው የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ የዝርዝሩ ተራ በተቀየረ ቀን ስልኩ አይነግራቸውም፤ ገንዘቡ ወዳልታሰበበት ሊሄድ ይችላል። ቶክባክ ባለው ስልክ ዝርዝሩ ስለሚነበብ ይህ ስጋት ይቀንሳል። የሚቀረው ችግር ጊዜው ነው፤ ድምፁ ረጅሙን ዝርዝር አንብቦ ሳይጨርስ አገልግሎቱ ራሱ ይዘጋል። መፍትሔው የንባቡን ፍጥነት መጨመርና የሚፈልጉት ምርጫ ስንተኛ እንደሆነ ካወቁ በኋላ እስከ መጨረሻው አለመጠበቅ ነው።

መተግበሪያው ለመጠቀም ያማረ ነው፣ ጊዜም ቶሎ አያልቅበትም፣ ያለፉ ክፍያዎችን ዝርዝር አንድ በአንድ ለማዳመጥ ይመቻል። ሆኖም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከዚህም በላይ አንዳንድ መተግበሪያዎች ሲሠሩ ቁልፎቻቸው ስም አልተሰጣቸውም፤ ጣት ሲያርፍባቸው ስልኩ «ቁልፍ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። የምን ቁልፍ? መላኪያ ነው፣ መሰረዣ ነው? ቶክባክ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁልፍ ራስዎ ስም እንዲሰጡት ይፈቅዳል፤ አንድ የሚያይ ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ቢረዳዎት በቂ ነው። የምስጢር ቁጥር ማስገቢያው ራሱ የማይነበብ ከሆነ ግን ስም መስጠት አያድነውም፤ ያንን መተግበሪያ ይተዉት። ከመወሰንዎ በፊት ሦስት ነገር ይሞክሩ፦ ቀሪ ሂሳብ መስማት፣ ትንሽ ብር ለቤተሰብ መላክ፣ የላኩበትን ደረሰኝ መልሶ ማግኘት። ሦስቱንም ብቻዎን ካደረጉ መተግበሪያው ይሆንዎታል።

ሦስተኛው መንገድ ሰው ነው፤ ልጅ፣ ወንድም፣ የሱቅ ወኪል። በቤተሰብ መረዳዳት የእኛ ወግ ነው፣ አልነቅፈውም። የምስጢር ቁጥር መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ ቁጥር ለሌላው መድረሱ አይቀርም፤ ገንዘብ የጎደለ ዕለትም ቤተሰብ ውስጥ ማንን መጠየቅ እንደሚቻል ይጨንቃል። ዐይነ ስውሩም ዘመዱን መጠርጠር አይፈልግም፣ ዘመዱም መጠርጠር አይገባውም።

ስለዚህ ኮዱን ዋና፣ መተግበሪያውን ደጋፊ ያድርጉ፤ ቴሌብር በሁለቱም በኩል የሚከፍተው አንድ ሂሳብ ነው። የምስጢር ቁጥር ሲያስገቡ ከቶክባክ ምናሌ ውስጥ ስክሪኑን የሚደብቀውን ያብሩት፤ ለእርስዎ ይናገራል፣ አጠገብ ለቆመው ሰው ግን ስክሪኑ ጨለማ ነው። መንገድ ላይ ሲሆኑ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ያድርጉ፤ ሁለተኛው ጆሮ ለባጃጁ ነው።

ኮምፒውተር ለተማሪና ለሠራተኛ

እዚህ ላይ በሁለት የኮምፒውተር ስክሪን አንባቢዎች መካከል ያለው ክርክር ብዙ ዓመት የቆየ ነው፤ ጆውስ ወይስ ኤንቪዲኤ? ጆውስ ለዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ ብዙ ነገር የሚችል፣ የቀደሙት ዐይነ ስውራን ምሁራን የተማሩበት ፕሮግራም ነው። ፈቃዱ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው። ሳይገዙት ሲጠቀሙበት 40 ደቂቃ ሠርቶ ያቆማል፤ ለመቀጠል ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ግድ ይላል። በፈተና መሀል ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይታያል፤ ከቫይረስ ጋር ነው የሚዞረው።

ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ራሱ ዐይነ ስውር የሆነ አውስትራሊያዊ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሠራው ባልደረባውም ዐይነ ስውር ነው። ነፃ ነው። ኢስፒክን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አማርኛን ከመጀመሪያው ቀን ያነባል። ይበልጥ የምወድለት ፍላሽ ላይ ተጭኖ መዞር መቻሉን ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ቤተ መጻሕፍት፣ ኢንተርኔት ካፌ ወይም ወዳጁ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ የራሱን ቅንብር ይዞ ሥራውን ይጀምራል። ሲጨርስ ነቅሎት ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆኑ አዲሱ ኤንቪዲኤ አይነሣባቸውም፤ ለእነርሱ የመጨረሻው የሚሠራው ዕትም 2023.3.4 ነውና ያንን አብሮ ፍላሽ ላይ መያዝ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ ናሬተር የሚባል የራሱ ስክሪን አንባቢ አለው፤ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ ይነሣል። ሌላ ነገር እስኪጫን ድረስ መንገድ ለማግኘት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልመክረውም። መሥሪያ ቤቱ የጆውስን ፈቃድ ገዝቶ ካቀረበ በደስታ ይጠቀሙበት። ከኪስ የሚወጣ ከሆነ ኤንቪዲኤ።

ወላጆችና መምህራን ግን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። ኮምፒውተር ስለመጣ የሕፃኑን ብሬይል አታስቁሙት። በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ ቃል የት እንደሚለያይ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚውል፣ የሒሳብ ስሌት በመስመር እንዴት እንደሚደረደር በጣቱ አላወቀውም። የብሬይል መጻፊያው ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ የሚባሉት) መብራት አይፈልግም፣ ቻርጅ አይጠይቅም። ለትንሽ ልጅ መጀመሪያ ብሬይል፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር። በጎልማሳነቱ ዐይኑን ላጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ድምፁ ይቅደም፤ ቶሎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ጥቂት ለሚያዩና መስማት ለተሳናቸው

ጥቂት ብርሃን ለቀረው ሰው ስክሪን አንባቢ ከመጫን በፊት ሐኪም ይቅደም፤ በዐይን ሞራ የጠፋ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል። ቀጥሎ የፊደሉን መጠን ማሳደግ፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማድረግና ማጉሊያውን ማብራት፤ ሦስቱም እዚያው ቅንብር ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ሥር አሉ።

መስማት ለተሳነው ሰው ምልክት ቋንቋ ከቻለ የቪዲዮ ጥሪ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለዚህ ስልኩ ጥሩ የፊት ካሜራ ሊኖረው ይገባል። ካልቻለ ላይቭ ትራንስክራይብ የተባለው የጉግል መተግበሪያ የሰውን ንግግር በጽሑፍ ያወጣል። አማርኛውን ለማውጣት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ጫጫታ ባለበትም ይሳሳታል። ሐኪም ቤት ለጉዳይ ሲኬድ ወረቀትና እስክሪብቶ አብሮ ቢያዝ ይሻላል።

መረጃ ለምታወጡ መሥሪያ ቤቶች

ከላይ የመረጥነው ሁሉ የሚሠራው የሚነበብ ነገር ከቀረበ ነው። ሥራ ፈላጊ ዐይነ ስውር ቴሌግራም ከፍቶ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በስልክ ተነሥቶ ነው የተለጠፈው። የመመዝገቢያው ቀን እዚያ ፎቶ ውስጥ ነው ያለው። ሰው አግኝቶ እስኪያስነብብ ምዝገባው ያልፋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት እንዳይገለሉ ይደነግጋል፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ9ኛው አንቀጹ መረጃና የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። በፎቶ የወጣ ማስታወቂያ ማንንም አላግልል ብሎ ያገልላል።

ምርጫው ቀላል ነው። ፎቶውን ለማኅተሙ ሲባል ለጥፉት፤ ከሥሩ ግን ሙሉውን ጽሑፍ በፊደል አስቀምጡ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ያው ፎቶ ነው። ከዎርድ በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ይነበባል፤ ነገር ግን ጽሑፉ በምን እንደተተየበ ይወስነዋል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደተሠራው ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የቆየ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ይመስላል፤ ለስክሪን አንባቢ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የድሮ ፋይላችሁን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ አዲሱንም በዩኒኮድ ብቻ ተይቡ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ፋይሉን በስልክ ክፈቱና አንዱን ቃል በጣት ተጭናችሁ ያዙት። ቃሉ ካልተመረጠ ፎቶ ነው። ከተመረጠ ቅዱትና መልእክት መጻፊያ ላይ ለጥፉት፤ ያው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ቶክባክም ያነበዋል።